በአንድ ጎዳና ላይ፣ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ሥር ያሉ የትራፊክ መብራቶችን እንዴት እናስማማ?

ጠያቂ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ጎጃም)
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ነው። በዋናው ጎዳናችን ላይ አራት የትራፊክ መብራቶች አሉ፤ ሁለቱ የእኛ ናቸው፣ ሁለቱን ጎረቤት መሥሪያ ቤት ያስተዳድራቸዋል። ከእኛ መብራት በአረንጓዴ የተለቀቀ መኪና 400 ሜትር እንደነዳ የእነርሱ ቀይ ያቆመዋል። ቅዳሜ ገበያ ሲውል ሰልፉ እየረዘመ መጥቶ የእኛን መስቀለኛ መንገድ ይዘጋል። አምቡላንስ እዚያ መሐል ተይዞ ካየሁ ወዲህ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። አለቆቻችን የጋራ መቆጣጠሪያ ማዕከል እስኪሠራ እንድንጠብቅ ይነግሩናል። ያለ ማዕከል፣ በጋራ ኔትወርክ ብቻ ማስማማት ይቻላል? ማንስ ያዝዛቸዋል?

መላሽ (የትራፊክ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)
ወንድሜ፣ ይቻላል። መጀመሪያ መጋራት ያለባችሁ ሰዓትን ነው፤ ሥልጣኑ በየቤቱ ይቆይ። ማኅሌት ቆመህ ከሆነ ታውቀዋለህ፤ የቀኝና የግራ ዘማሪዎች ለየራሳቸው መሪ አላቸው፣ ጽናጽሉ ግን በአንድ ምት ይወርዳል።

የሁለቱም ዑደት፣ ማለትም ከአረንጓዴ እስከሚቀጥለው አረንጓዴ ያለው ጊዜ፣ እኩል መሆን አለበት። ቀጥሎ የመነሻ ልዩነቱን አስላ፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 400 ሜትሩን በ36 ሰከንድ ይጨርሳል። ስለዚህ የእነርሱ አረንጓዴ ከእናንተ 36 ሰከንድ ዘግይቶ ይብራ። እዚያ አስቀድሞ የቆመ ሰልፍ ካለ ግን ጥቂት ይቅደም፤ የቆሙት ካልተነሡ የሚደርሱት ማለፊያ የላቸውም። ባጃጅና ጋሪ በሚበዛበት ጎዳና ፍጥነቱን ከወረቀት አትውሰድ፣ ቆመህ ለካ። ዑደቶቹንም ዛሬውኑ መንገድ ላይ ቁጠራቸው።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆሜ ቆጠርሁ። በወረቀት ሁለታችንም 90 ሰከንድ ነን፤ የእኛ መብራት ግን የሚዞረው በ60 ነው፣ እሱም የሌሊቱ ፕሮግራም ነው! የመብራቱን መቆጣጠሪያ ሳጥን ብከፍተው ሰዓቱ 2:00 ይላል። የጎረቤቶቻችን 8:00 ይላል።

መላሽ (የኔትወርክ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)
ጥፋቱ ተገኘ። የእናንተን ሳጥን ሰዓት የሞላው ሰው በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ሞልቶታል፣ ፕሮግራሞቹ ግን እንደ ጎረቤቶቻችሁ በፈረንጅ ሰዓት ናቸው። ስለዚህ 8:00 ላይ እንዲጀምር የተሞላ የጠዋት ፕሮግራም እናንተ ዘንድ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። የትኛውም አቆጣጠር ቢሆን ለሳጥኑ ግድ የለውም፤ አንዱን መርጣችሁ በጽሑፍ አስፍሩ።

ሰዓቱን ብቻ አስተካክላችሁ ግን አትተኙ። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ሰከንዱ ሊዛባ ይችላል፣ 20 ሰከንድ ከተዛባ ደግሞ የ36ቱ ስሌት ዋጋ የለውም። በየሳጥኑ የጂፒኤስ ሰዓት መቀበያ፣ ማለትም ትክክለኛውን ሰዓት ከሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ፣ ብትገጥሙ ያለ ምንም ኔትወርክ ትስማማላችሁ፤ እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህ ነው። ኔትወርኩ ሲመጣ ሳጥኖቹ ሰዓቱን ከአንድ የሰዓት ሰርቨር፣ ማለትም ለሁሉም አንድ ሰዓት ከሚሰጥ ኮምፒውተር፣ ይጠይቁ፣ በፋይበርም ሆነ በሲም ካርድ። ጎረቤት የእናንተን ሁኔታ ያንብብ እንጂ እንዲለውጥ አትፍቀዱለት። መስመሩ ቢቋረጥ እያንዳንዱ ሳጥን በራሱ ሰዓትና በራሱ ፕሮግራም እንዲቀጥል አድርጋችሁ ሙሉት። እርስ በርስ የሚጋጩ አረንጓዴዎች አብረው እንዳይበሩ የሚከለክለው መሣሪያም በየሳጥኑ ውስጥ ይኖራል፤ እሱን ማንም እንዳይነካ።

ሳጥኖቹ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ለውጡ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ መስቀለኛ መንገዶች ያሉት የመብራት ኔትወርክ ውስጥ ገብተው መብራት መለወጥ ችለዋል። መብራቶቹን የሚያገናኘው ሬዲዮ አልተመሰጠረም ነበር፣ የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር።

መላሽ (ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ፍኖተ ሰላም)
ልጄ፣ ፖሊሱን አትርሳው። ቅዳሜ መንገዱ ሲጨናነቅ ሳጥኑን ከፍተን በእጅ እናዝዘው ነበር። ወደ ራሱ ስንመልሰው ከጎረቤቱ ጋር እንደገና እስኪገጥም ጥቂት ዑደቶች ያልፋሉ፤ ያኔ ተበላሸ ብሎ ደግሞ የሚነካው አይጠፋም። በየሳጥኑ በር ላይ የሁለቱንም ተረኞች ስልክ ለጥፉ። እህል የተጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬም መሻገሪያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለመኪናው ብላችሁ ከእሱ ላይ ሰከንድ እንዳትቀንሱ፣ አደራ።

መላሽ (የትራፊክ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)
ማን ያዝዛል ላልኸው፦ አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ሲቲ አካባቢ፣ በሁለት ክፍለ ግዛቶች ያሉ ከተሞች መብራቶቻቸውን በአንድ የጋራ ፕሮግራም ያስማማሉ፤ የጊዜ ስሌቱን የአካባቢው ምክር ቤት ያስተባብራል፣ የመብራቶቹ ባለቤቶች ግን ባለቤትነታቸውን አልለቀቁም። ለአራት መብራት አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃችኋል፤ የጋራው ዑደት ስንት እንደሆነ፣ ለውጥ ሲኖር ከስንት ቀን በፊት እንደምትነጋገሩ፣ የሲም ካርዱን ማን እንደሚከፍል።

ጠያቂ
ሰዓቱን ዛሬ ከጎረቤት ባለሙያዎች ጋር አብረን አስተካከልን፤ ሰከንዱንም ከአንድ ስልክ ላይ እያየን ሞላነው። ከእኛ መብራት በአረንጓዴ ተነሥቼ ስነዳ የእነርሱ በአረንጓዴ ተቀበለኝ። የጂፒኤስ መቀበያውን ግዥ ነገ ጽፌ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ገበያው ላይ ቆሜ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።