መግነጢሳዊ መስክ ካለ የስፒን-ኦርቢት ትስስር ለምን ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአሉሚኒየም ስለተሸፈኑ የኢንዲየም አርሴናይድ ናኖሽቦዎች ሳነብ አንድ ነገር አልገባኝም። በሽቦው ጫፎች የማዮራና ሁኔታዎች (የራሳቸው ፀረ-ቅንጣት እንደሆኑ ቅንጣቶች የሚሠሩ፣ ኢነርጂያቸው ዜሮ የሆነ ሁኔታዎች) እንዲፈጠሩ ሱፐርኮንዳክተር፣ መግነጢሳዊ መስክና ጠንካራ የስፒን-ኦርቢት ትስስር (የኤሌክትሮኑ ስፒን፣ ማለትም ውስጣዊ መግነጢሳዊ አቅጣጫው፣ ከእንቅስቃሴው ጋር መተሳሰሩ) በአንድነት ያስፈልጋሉ ይባላል። መስኩ ብቻውን ሁለቱን የስፒን ባንዶች ከለያየ፣ ትስስሩ የሚጨምረው ምንድን ነው?

መላሽ 1፦
እንደ አሉሚኒየም ያለ ተራ ሱፐርኮንዳክተር የሚያጣምረው ሞሜንተማቸውም ስፒናቸውም ተቃራኒ የሆኑ ኤሌክትሮኖችን ነው። መስኩ ብቻውን ሲሠራ በታችኛው ባንድ ያሉት ሁሉ ስፒናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክት፣ ወደ ቀኝ የሚጓዘውን ወደ ግራ ከሚጓዘው ጋር ማጣመር አይቻልም። የራሽባ ትስስር (በእነዚህ ሽቦዎች ያለው የስፒን-ኦርቢት ትስስር ዓይነት) ግን የአንዱን ስፒን ወደ አንድ ጎን፣ የሌላውን ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነብለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ፍጹም ትይዩ አይሆኑም፤ በዚያች ልዩነት በኩል ጥምረቱ ወደ ሽቦው ይገባል፣ ባሕርዩም የፒ-ሞገድ፣ ማለትም የማዮራና ሁኔታዎችን የሚያስገኘው የጥምረት ዓይነት፣ ይሆናል። በ2010 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ለየብቻቸው ያቀረቡት ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው።

መላሽ 2፦
በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ልጨምር። ወደ ቶፖሎጂያዊው ምዕራፍ (የማዮራና ሁኔታዎች ወደሚታዩበት) ለመሻገር የዚማን ኢነርጂ (መስኩ ስፒኖችን የሚለያይበት ኢነርጂ) ካሬ፣ ሽቦው ከሱፐርኮንዳክተሩ ከወረሰው የኢነርጂ ክፍተት ካሬና ከኬሚካላዊ ፖቴንሺያል (ኤሌክትሮኖች የሚሞሉት የኢነርጂ ከፍታ) ካሬ ድምር መብለጥ አለበት፤ በዚህ ቀመር ውስጥ የስፒን-ኦርቢት ጥንካሬ ጨርሶ አይገኝም። ለምሳሌ ጂ-ፋክተሩ (ስፒኑ ለመስኩ ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያሳየው ቁጥር) 50 ገደማ በሆነ ኢንዲየም አንቲሞናይድ፣ ክፍተቱ 0.2 ሚሊ-ኤሌክትሮን ቮልት፣ ኬሚካላዊ ፖቴንሺያሉም ዜሮ ቢሆን፣ 0.14 ቴስላ ያህል ይበቃል። ትስስሩ የሚወስነው ከተሻገሩ በኋላ የሚከፈተውን ክፍተት ስፋት ነው፤ ደካማ ከሆነ ክፍተቱ ይጠብባል፣ የማዮራና ሁኔታዎቹም ከጫፎቹ ርቀው ወደ ሽቦው መካከል ይዘረጋሉ። መስኩም ከስፒን-ኦርቢት አቅጣጫ (ትስስሩ ስፒኑን ከሚያዘነብልበት) ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ቢሠራ ይመረጣል፤ ትይዩ ከሆነ የሚፈለገው ክፍተት አይከፈትም።

መላሽ 3፦
ንድፈ ሐሳቡ እንደተባለው ነው፤ የሙከራው ማስረጃ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ2012 የዴልፍት ተመራማሪዎች በኢንዲየም አንቲሞናይድ ሽቦ ላይ ያዩት በዜሮ ቮልቴጅ ላይ የሚታይ የኮንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት) ከፍታ ከትንበያው ጋር ቢስማማም፣ ተራ የአንድሬቭ ሁኔታዎችም (ማዮራና ያልሆኑ፣ በሱፐርኮንዳክተር አጠገብ የሚፈጠሩ ሁኔታዎች) ተመሳሳይ ከፍታ ሊሰጡ እንደሚችሉ በኋላ ታይቷል። ኮንዳክታንሱ የተወሰነው ኳንተማዊ እሴት ላይ ደርሷል የተባለበት የ2018 ጽሑፍም በ2021 ተሰርዟል። ስለዚህ አንድን የኮንዳክታንስ ከፍታ ብቻ አይተው አይደምድሙ፤ በሽቦው ሁለቱም ጫፎች የተደረገውን ልኬትና መስኩ ሲዞር የሚታየውን ለውጥ አብረው ይመልከቱ።