«ምጡ ፋታ ነሳት» ሲባል ፋታ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ ወላድ ሲያወሩ «ምጡ ፋታ ነሳት» ይላሉ። እኔ ፋታን የማውቀው «ዛሬ ፋታ የለኝም» ሲባል ነው፣ ትርፍ ጊዜ ለማለት። አንድ ቃል ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አንድ ናቸው እህቴ። ግን የአያትሽ አነጋገር ወደ ልኩ ይቀርባል። ፋታ የያዘሽ ነገር ለቀቅ ሲያደርግሽ የምታገኛት መተንፈሻ ናት። «ሥራ ፋታ ነሳኝ» ስንልም ይዞኝ አልለቅ አለ ማለታችን ነው።

አዋላጅ ስለሆንኩ ቃሏን በእጄ ነው የማውቃት። መዳፌን ምጥ የያዛት ሴት ሆድ ላይ አድርጌ ሰዓቴን አያለሁ። ምጡ ሲመጣ ሆድ እንደ ግንባር ጠጠር ይላል፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይላላል። በ10 ደቂቃ ስንቴ እንደመጣ ቆጥሬ ፓርቶግራፍ ላይ፣ የምጡን ሂደት በምንከታተልበት ቅጽ ላይ፣ እሞላለሁ። ከ5 ካለፈ ሐሳብ ይገባኛል፣ ምክንያቱም ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ልጁ ኦክስጅኑን በደንብ የሚያገኘው ሲላላ ነው። ፋታው የእሱም ነው ማለት ነው። ምጥ የሚያበረታውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን፣ ስንሰጥ ጠብታውን የምንቆጥረውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፋታውን የሚሰጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ የማህፀን ጡንቻ ሴል ሽፋን ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ፣ አዮን ቻናል የሚባሉት። ካልሲየም በበሩ ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል። ፖታሲየም በራሱ በር ሲወጣ የካልሲየሙ ይዘጋል፣ የገባውም እየተጠረገ ይወጣል፣ ጡንቻው ይላላል። በእርግዝናው ወራት ማህፀኑን ጸጥ አድርገው ከሚይዙት አንዱ ይኸው የፖታሲየም በር ነው። ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ለማዘግየት የሚሰጠው ኒፈዲፒን ደግሞ የካልሲየሙን በር ይዘጋል።

ቻናሉን «ቦይ» ብላችሁ ለምትተረጉሙ፦ አልስማማም። ቦይ የመጣለትን ሁሉ ያፈሳል። ይሄ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የሚያሳልፈውንም ይመርጣል። እኔ «ኬላ» ብለው ደስ ይለኛል።

ሌላ ጠያቂ፦ ኬላ ቀረጥ ቀረጥ ይለኛል፣ «በር» ይበቃል። ግን አፎይታስ? ከፋታ በምን ይለያል?

መልስ፦ በሩም ያስኬዳል። አፎይታ ተገላግላ፣ ልጁ አልቅሶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትባል ነው። ፋታ ላይ ግን ዓይኗን ጨፍና እጄን እንደያዘች ነው፣ የሚቀጥለው እንደሚመጣ ታውቃለች።