ቪዲዮውን ቤታቸው ማየት ያልቻሉትን ልጆች ምን ላድርጋቸው?

ሰላም መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ 5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ ማታ ቤታቸው አጭር ቪዲዮ አይተው፣ ጥያቄውን ክፍል ውስጥ በቡድን እንዲሠሩ ማድረግ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቪዲዮውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ሁለት ልጆች እንጀራ እየቆረሱ ክፍልፋይን ሲያስረዱ ቀርጬ በቴሌግራም ለወላጆች ላክሁት፣ እኔ ከማስረዳው በላይ ገባቸው። ችግሩ ስልኩ ነው። ግማሹ ቤት ስማርት ስልክ የለም፣ ያለውም ቢሆን አባት ይዞት ይወጣል ወይ ካርድ የለውም። ያላዩት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፣ አንጀቴን ይበሉታል። ጠዋት በእኔ ስልክ ላሳያቸው ብል ከ40 ደቂቃው ሩቡ ያልቃል። በወረቀት ልስጣቸው? ወይስ ያዩት ላላዩት ያስረዱ? የሞከራችሁት ካለ፣ ቡድኑን እንዴት እንደመደባችሁ ጭምር ንገሩኝ።