ነገ ምርቃት ነው፣ ትዊስቴ ተንጨባረረ፣ ድረሱልኝ!

ተመራቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት 5 ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ጸጉሬን ሁለት ሁለቱን ዘለላ እያጠማዘዙ የሠሩልኝ ትዊስት አንድ ቀን አልቆየም። ጠዋት እያካፋ ለፎቶ ጣና ዳር ወርደን ነበር። ስመለስ የፊቱ በሙሉ ቆሞ ጥጥ መስሏል። ነገ 2 ሰዓት ላይ ምርቃቴ ነው! አስፈትቼ ለመሠራት ጊዜውም ብሩም የለኝም። ምን ልቀባው?

የዓባይ ማዶ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ቆብ ታደርጊ የለ? አለቀ።

ተመራቂዋ፦ ቆቡ አናቴን እንጂ ግንባሬን አይሸፍንም። አትቀልድ።

የልጆች እናት፦ የኔ ልጅ፣ ቅቤ ንቃችሁ እኮ ነው እንዲህ የምትሆኑት። እኛ ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ ጣል አድርገን ፀሐይ ላይ እንቀመጥ ነበር። ቀልጦ በጆሯችን ሲወርድ በሻሽ ጥፍር ነው። ጸጉራችን ሐር ነበር፣ ሐር!

ሹሩባ ቤት፦ እትዬ፣ ቅቤ ያለሰልሳል፣ ጥምዝማዙን ግን አይዝም። ደግሞ ነገ ጋውኑ ላይ ቢንጠባጠብስ? እህቴ፣ ሲሠራ ምን ተቀባሽ?

ተመራቂዋ፦ ምንም። ያው ግሊሰሪን በውሃ በጥብጬ ነው። ዛሬም ሲነሳብኝ ሦስቴ ረጨሁት።

ሹሩባ ቤት፦ ይሄ ነው «ምንም»? ጥፋተኛው እኮ እሱ ነው! ግሊሰሪን ካየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። በሐምሌ፣ ያውም ሐይቅ ዳር፣ ጸጉርሽ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ከጥምዝማዙ ይወጣል። በቃ አትርጪው።
አሁን ሩብ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ አፍዪ። የእንቁላል ነጭ ሲመስል አውርጂና ትኩሱን በአሮጌ ስቶኪንግ አጥሊው፤ ከቀዘቀዘ አይወርድልሽም። ከዚያ የፊቶቹን 10 ወይ 12 ብቻ ፈትተሽ በተልባው እንደገና ጠምዝዢ። ሁሉንም ካረጠብሽው በዚህ ብርድ እስከ ጠዋት አይደርቅም። የቀረውን በመዳፍሽ ላይ ላዩን አስተኝተሽ በሳቲን ሻሽ እሰሪ። በፎጣ እንዳትጠቀልይው፣ እሱም ያንጨባርራል። ሳይደርቅ ደግሞ እንዳትነካኪው።

ነጻ ጸጉር፦ ተንጨባረረ ማለት ተበላሸ ማለት ነው ያለው ማነው? የጸጉራችን ጠባይ ነው። እኔ ብሆን እንዳለ ይዤው እወጣለሁ።

ተመራቂዋ፦ ልክ ነሽ፣ ግን እማዬ ፎቶውን ሳሎን ልትሰቅለው ነው። 30 ዓመት ሙሉ ላየው ነው!

ሰሚራ 21፦ ተልባ ሞክሪ፣ ይሠራል።

የዓባይ ማዶ፦ ሰሚራ፣ ከላይ ያለውን አንብቢ እንጂ 😂

ተመራቂዋ፦ ተልባው እሳት ላይ ነው። ግን ስንት ደቂቃ? ወይኔ፣ መብራት ሄደ!!

የዓባይ ማዶ፦ ከሰል አያይዢ። በዚያው ቡናም አፍይልን።

ሹሩባ ቤት፦ እያማሰልሽ 10 ደቂቃ ገደማ። ከማንኪያው ላይ ክር ክር እያለ ሲወርድ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን አይጠለልም።

የልጆች እናት፦ የተረፈውን ተልባ አትድፊው፣ ለሆድ ጥሩ ነው።

ሹሩባ ቤት፦ ተመራቂዋ፣ እንዴት ሆነ?

ሰሚራ 21፦ ፎቶ እንጠብቃለን 👀