አስቸኳይ! የልጄ የራስ ምታት መመዝገቢያ አፕ አልከፈት አለ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን

የልጅቷ እናት (ማታ 2፡40)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ማይግሬን አለባት። ሐኪሙ የሦስት ወር መዝገብ ይዛችሁ ኑ ብሎን ነበር። መቼ እንዳመማት፣ ስንት ሰዓት እንደቆየባት፣ ምን እንደወሰደች። ሁሉም አፑ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ስልክ ቀየርንላት። አፑን ስንከፍተው ኮድ አስገቡ ይላል፣ ኮዱ ደግሞ አይመጣም። ቀጠሮው ጠዋት 2፡30 ነው፣ እሱንም ያገኘነው በስንት መከራ ነው። እሷ አሁን መብራት አጥፍታ ተኝታለች፣ ልጠይቃትም አልቻልኩም።

ቡና ያለ ስኳር
አጥፍተሽ አብሪው።

ስልክ ጠጋኙ
የቱ አፕ? አንድሮይድ ነው አይፎን? ኮዱ የሚላከው በየትኛው ቁጥር ነው? አሮጌው ስልክስ የት አለ? ይሄን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ አሮጌው ስልክ ላይ ያለውን አፕ እንዳትነኪው። መዝገቡ እዚያ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ካጠፋሽው አለቀ።

የልጅቷ እናት
አንድሮይድ። አሮጌው ስክሪኑ ተሰብሮ ነው የቀየርንላት። ይበራል፣ ይጠራል፣ ግን ምንም አይታይም። ኮዱ የሚመጣው በድሮ ሲሟ መሰለኝ። ሲሙ ከጠፋ ቆይቷል።

ጋሽ ታዛቢ
ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ራሴን አመመኝ የሚል የ15 ዓመት ልጅ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደው እያደሩ ራስ ባያም ነው የሚገርመው። የራስ ምታትን ጉዳይ ለስልክ መስጠት ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ነው። ይሄ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና ስጫት፣ ጠዋት ድና ትነሳለች።

12ኛ ክፍል
ጋሽዬ ይቅርታ፣ በእርስዎም ጊዜ ነበረ። ምች መታው ተብሎ ጋቢ ይደረብበት ነበር እንጂ። እኔም ማይግሬን አለብኝ። ከመጀመሩ በፊት በግራ በኩል የተሰባበረ መስታወት የመሰለ ብልጭልጭ ይታየኛል፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግማሹ ይጠፋብኛል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሴን ይቀጠቅጠኛል። አያቴ ዳማከሴ በቡና ትሰጠኛለች። ቡናው ይመስለኛል የሚሻለኝ፣ ለእሷ ግን አልነግራትም።

ቡና ያለ ስኳር
ስለ ቡና የተነሳው ጥሩ ነው። ግን አጥፍታ አብርታዋለች ወይ?

ስልክ ጠጋኙ
እሱን ተወው። እህቴ፣ ኮድ ከሚለው ሥር በትንሹ «በኢሜይል ግቢ» የሚል ካለ ሞክሪ። ከሌለ አሮጌውን ስልክ ጠጋኝ ጋ ውሰጂ፣ የሙከራ ስክሪን ሰክቶ ውስጡን ያሳይሻል። የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ችግሩ በ2፡30 ሱቅ የሚከፍት ጠጋኝ የለም። እኔ ራሴ የምነሳው በ4 ሰዓት ነው።

ፋርማሲስቱ
አፑ ለጊዜው ይቆይ። በሳምንት ስንት ቀን ማስታገሻ ትወስዳለች?

የልጅቷ እናት
ሲያማት ነው የምትወስደው። ፓራሲታሞል፣ ሲብስባት ዲክሎፌናክ። በሳምንት 4 ቀን፣ አንዳንዴ 5። ከሰኔ ፈተና ጀምሮ እንዲህ ነው።

ፋርማሲስቱ
እህቴ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ መስማት ያለበት ይሄን ነው። በሳምንት 4 ቀን ማለት በወር 16 ቀን ነው። ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰዱ፣ ይሄም ከሦስት ወር ሲያልፍ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ይጀምራል። ትሪፕታን የሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶችማ 10 ቀን ይበቃቸዋል። በድንጋጤ ሁሉንም ዛሬ አቋርጪ አላልኩም፣ እንዴት እንደሚቀነስ እሱ ይንገራችሁ። አስፕሪን ግን በ15 ዓመቷ እንዳትሰጫት።
አንድ ልጠይቅሽ፣ የዛሬው ከወትሮው የተለየ ነው? ድንገት እንደ መብረቅ የመታት፣ ትኩሳት ያላት፣ አንገቷ የደረቀ፣ ንግግሯ የተያዘ ወይም አንድ ጎኗ የደከመ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል።

የልጅቷ እናት
የለም፣ የተለመደው ነው። አንዴ አስመለሳት፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል። ግን ያለ መዝገቡ ምን ብዬ ልግባ? ሐኪሙ ይቆጣናል።

ከሜሪላንድ
የኔ እህት፣ መዝገቡ የማን ነው? የአንቺ ነው የእሷ?

የልጅቷ እናት
የእሷ ነዋ። እኔ በየማታው ሞላሽው ወይ እላታለሁ እንጂ።

ከሜሪላንድ
እሱን ነው የጠረጠርኩት። የኔም ልጅ 16 ዓመቱ ነው። እዚህ ሐኪሙ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና አስጀመረው፣ ሕመሙን ራሱ እንዲይዘው። ትንፋሽ፣ ጡንቻ ማፍታታት፣ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ምግብ አለመዝለል። ለወላጅ ደግሞ ለብቻው ክፍል አለው። እዚያ ላይ «አመመህ? አሁንስ? አሁንስ?» እያላችሁ አትጠይቁ ይላል። አንብቤ ተናደድኩ። ከዚያ ቆጠርኩት፣ በአንድ ቀን 9 ጊዜ ጠይቄዋለሁ።
ቀልድ ሥራ እንዳይመስልሽ። በ2013 የወጣ ጥናት ላይ ከ10 እስከ 17 ዓመት ያሉ ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸው ልጆች አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒት ስለ ራስ ምታት ከሚሰጥ ተራ ትምህርት ጋር ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ጋር ሲሰጣቸው ይበልጥ ተሽሏቸዋል። ዌብማፕ የሚባል ሲያትል የተሠራ አፕም አለ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታዳጊዎች። እንግሊዝኛ ነው።

ጋሽ ታዛቢ
ትንፋሽ ለመተንፈስ ሥልጠና! ጉድ ነው።

12ኛ ክፍል
እትዬ፣ መዝገቡን ከሌላ ቦታ ያወጡታል። እሷ ትምህርት ቤት ሆና ሲያማት ለእርስዎ ትጽፍ የለ? እርስዎ ስልክ ላይ ቴሌግራም ይክፈቱና ከእሷ ጋር የተጻጻፉት ውስጥ «ራሴን» ብለው ይፈልጉ። ቀኑም ሰዓቱም አብሮ ይመጣል። እኔ እንደዚህ አድርጌ ነው ያወጣሁት፣ አፕ መሙላት ያስጠላኛል። የቀረውን ከባዶ ክኒን ማሸጊያውና ከትምህርት ቤት ከቀረችበት ቀን ይሙሉት።

የልጅቷ እናት (ማታ 4፡15)
11 አገኘሁ። «እማ ራሴን ነው መጥተሽ ውሰጂኝ» «እማ ራሴን ደግሞ ጀመረኝ»። ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። 8ቱ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ይሄን ነገር እስከ ዛሬ አላየሁትም። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። በራሷ ፈቃድ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም።

ጋሽ ታዛቢ
ጾም ራስ አያሳምምም! እኔ 60 ዓመት ሙሉ ጾሜያለሁ።

ፋርማሲስቱ
እርስዎን አላሳመመዎትም ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማይግሬን ባለበት ሰው ግን ምግብ መዝለል ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነው። ውኃ ሳይጠጡ መዋልም እንደዚያው። እህቴ፣ 11ዱ ትምህርት ቤት ሆና የጻፈችው ብቻ መሆኑን እንዳትረሺ። የቤቱንም ጨምሪበት።

12ኛ ክፍል
እኔም ይሄው ነበር። ንስሐ አባቴን ሳማክራቸው የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ጠዋት ብይ አሉኝ። አሁን ረቡዕና ዓርብ ዳቦ በሻይ በልቼ ነው የምወጣው። ግን እትዬ፣ ወረቀቱን ለሐኪሙ ከማሳየትዎ በፊት ለእሷ ያሳዩዋት። እናቴ ሳትነግረኝ ስለ ጾሜ ሐኪም ፊት ብትናገር ኖሮ ሁለተኛ ምንም አልነግራትም ነበር።

የልጅቷ እናት
እሺ የኔ ልጅ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ አነብላታለሁ።

ከሜሪላንድ
አታንብቢላት፣ ስጫት። ታክሲ ውስጥ ማንበብ ካቅለሸለሻት ደግሞ እዚያ ወረፋ ስትጠብቁ።

ስልክ ጠጋኙ (በማግስቱ 4፡20)
ነቃሁ። እህቴ፣ አሮጌው ስልክ ካለሽ አምጪው፣ አወጣልሻለሁ። ሐኪሙስ ምን አለ?

12ኛ ክፍል (ከሦስት ቀን በኋላ)
እትዬ እንዴት ሆናችሁ?

አዲስ አባል
ሰላም፣ ከላይ ያለውን አላነበብኩትም፣ ረጅም ነው። የአፑ ስም ማን ነው? ለልጄ ላወርድላት ነው።

ቡና ያለ ስኳር
እሱን እንኳ እስካሁን አልነገረችንም።