በአንድ ባትሪ ቤት የሚሠሩ ወንድማማቾች፦ የአንዱ የእርሳስ መጠን ለምን በለጠ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሁለቱ ወንድሞቼ የመኪና ባትሪ ያድሳሉ። ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሲለካ ትልቁ 18፣ ትንሹ 41 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወጣ። «የዘር ነው» ይሉናል። የዘረመል ምርመራ እናሠራ? እርሳስ የሚያጥብ መድኃኒትስ?

መልስ 1፦ አብሽሪ እህቴ። ዘር ድርሻ አለው። ደም ውስጥ የገባ እርሳስ አብዛኛው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ «አላድ» ከሚባል ኢንዛይም ጋር ይጣበቃል። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ሁለተኛ ዓይነት እርሳሱን አጥብቆ ስለሚያስይዝ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ግን ይህ ዓይነት በአውሮፓውያን ዘንድ ቢገኝም በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው፤ ቢገኝም ከ18 እስከ 41 ያለውን ልዩነት ብቻውን አያብራራም። ውጤቱ ሕክምናውን ስለማይቀይር ገንዘባችሁን አታውጡበት። ይልቅ የብረት ማዕድኑን (ፌሪቲን) አስለኩ፤ ብረት ያነሰው ሰው አንጀት እርሳስን አብልጦ ይመጥጣል። የባትሪውን የእርሳስ ፕሌት የሚያቀልጠው ማነው? ጫትስ እዚያው ይቃማል?

ጠያቂ፦ የሚያቀልጠው ትንሹ ነው። ጫቱንም እየሠራ ይቅማል።

መልስ 2፦ እንግዲህ መልሱ እሱው ነው! ጭሱን በሳንባ፣ አቧራውን በቅጠሉና በጣቱ ያስገባል፤ ባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማቅለጡ ይቁም። ሥራ ቦታ ላይ ምግብም ጫትም አይቀመስ። ወለሉ በደረቁ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የሥራ ልብሱ እዚያው ይቅር፤ ቤት ከገባ ልጆቹን ይመርዛል፣ እነሱ ከዋጡት እርሳስ ግማሽ ያህሉን ይመጥጣሉና። ልጆቹንም አስለኩ። ዳግም ሲመረመር ክንዱ በሳሙና ታጥቦ ከደም ሥር ይቀዳ፤ ከጣት የተወሰደ ደም በቆዳው አቧራ ይበከላል።

መልስ 3 (ፋርማሲስት)፦ በ41 ላይ ላለ አዋቂ ዋናው ሕክምና ከምንጩ መራቅ ነው። እርሳስ የሚያጥብ መድኃኒት ከፍ ባለ መጠን ወይም ሕመም ሲታይ ሐኪም ያዛል። ሥራውን ሳያቆም ቢውጠው ግን ከአንጀት የሚገባውን እርሳስ ሊጨምርበት ይችላል። «ኢዲቲኤ» የሚባል መርፌ ከታዘዘ ካልሲየም ያለበት መሆኑን ሳታረጋግጡ አይወጋ። «ዳይሶዲየም» ብቻ የሚለው የደሙን ካልሲየም አውርዶ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በስም መመሳሰል ሰው ሞቶበታል። ወተት እርሳስ ያጥባል የሚባለውም ወሬ ነው፤ ካልሲየሙ መመጠጡን ይቀንስ ይሆናል እንጂ የገባውን አያወጣም። ከአንድ ወር በኋላ ድጋሚ አስለኩ። የደሙ እርሳስ በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፤ ለዓመታት ለሠራ ሰው ግን አጥንት ውስጥ የተከማቸው እየፈሰሰ ስለሚተካው አወራረዱ ቀርፋፋ ነው። አልወረደም ብላችሁ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ፤ ከጨመረ ግን ሌላ ምንጭ አለ ማለት ነውና ቤት ያለውን፣ እርሳስ ሊኖርበት የሚችለውን ኩል ሳይቀር ፈትሹ።