ስድስት ስድስት ካልሆነ ነጥብ ይቀነስ?

መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ለግጥም ውድድር ዳኛ ሆኛለሁ። ደንባችን «የወል ቤት ያልጠበቀ ከ100 ላይ 20 ይቀነስበት» ይላል። ስንኙ ስድስት ስድስት ተከፍሎ 12 ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ የሚሰማ የድምፅ ክፍል፣ ካልሞላ ማለት ነው። እኔ ደግፌዋለሁ። ልክ የሌለው ግጥም ወሬ ነው። እናንተስ?

ተማሪዋ፣ ቢቸና፦ መምህር፣ እኔን ይህ ደንብ ጎድቶኛል። አምና አንድ ዳኛ ፊደል በጣቱ ቆጥሮ «16 ነው» ብሎ ጣለኝ። ስንኜ ይህ ነበር፦

«የማለዳው ጀምበር ጮቄ ላይ ወጣና»

እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። የ-ማ-ለ-ዳው-ጀም-በር፣ ስድስት። ጮ-ቄ-ላይ-ወጥ-ጣ-ና፣ ስድስት። «ው»ም «ም»ም እዚህ ለብቻቸው አይቆጠሩም። ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ይለጠፋሉ። «ጣ» ደግሞ ትጠብቃለች፤ ፊደሉ ግን አያሳይም።

ነጋዴው፣ ቡሬ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን በ«ና» ቤት መምታት ስንፍና ነው፣ ለዚያስ እኔም እቀንስብሽ ነበር 😄

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦ ዋሸራ ቅኔ ስማር የኔታ ጣታቸውን ሲያጥፉ አላየሁም። ከቅኔ ዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ ስምንት። የቤቱን ርዝመት የሚወስነው ግን ዜማው ነው። ከዜማው ከወጣህ ጆሯቸው ይይዝሃል።

የቋንቋ ምሩቅ፣ ባሕር ዳር፦ ዋናው ጥያቄ ምን እንቆጥራለን ነው። ፈረንሳዮች እንደ እኛው 12 ቀለም ቆጥረው ስድስተኛው ላይ የሚያርፉበት ስንኝ አላቸው። የሼክስፒር የታወቀው ስንኝ 10 ቀለም ይኑረው እንጂ የሚሄደው ጠንከር ተደርገው በሚነበቡ አምስት ቀለሞች ነው። ዓረቦች ረጅምና አጭር ድምፅ ያፈራርቃሉ፤ የቋንቋ ሊቃቸው አል-ኸሊል በ8ኛው ክፍለ ዘመን 15 ልክ ለይቶ አስቀምጧል። የጃፓኑ ሃይኩ 5፣ 7፣ 5 ነው፤ እዚያ የቃል መጨረሻ «ን» ብቻዋን አንድ ትቆጠራለች። የቢቸናዋን ልጅ የጣላት ሰውዬ ጃፓን ቢሄድ ያዋጣው ነበር።

ተማሪዋ፦ 😂 ሌላም አለኝ። የወል ቤት ብቻ ለምን? ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ልክ አምስት አምስት ነው። ቡሄ በሉ አራት አራት። በዚህ ደንብ ሁለቱም 20 ነጥብ ሊያጡ ነው።

ነጋዴው፦ ቡሄን ከጎጃም ልጅ ሊቀሙ!

መምህሩ፦ እሺ፣ ፊደል መቁጠሩ ይቅር፣ ለኮሚቴው እነግራለሁ። አራት አራቱንና አምስት አምስቱንም እቀበላለሁ። መርጦ የጀመረውን ልክ መሀል ላይ የጣለ ግን 20ዋን ይከፍላል። እዚህ ላይ አልለሳለስም።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦ ሆን ብሎ ቢጥለውስ መምህር? የሐዘን ግጥም ላይ ስንኝ ሲሰበር ያምራል እኮ።

መምህሩ፦ ሆን ብሎ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ተማሪዋ፦ ጮክ ብለን እናንብብልዎት፣ ወረቀቱን ብቻ አይዩት።